ጓሮዬ ሰው ቢጎዳ ኢንሹራንሱ ይከፍላል?

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ቤቴን በባንክ ብድር ነው የሠራሁት፤ ባንኩም በየዓመቱ ኢንሹራንስ ያስገባኛል። ጓሮዬ ሰፋ ያለ ነው። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ጌሾ፣ በአጥሩ ጥግ የተደረደረ ባሕር ዛፍ፣ ሁለት ቀፎ ንብና አንድ ውሻ አለኝ። አምና ደግሞ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ማንጎው ሲደርስ የሰፈሩ ልጆች አጥር ዘለው ይገባሉ፤ እኔም እያየሁ እንዳላየ አልፋለሁ። አሜሪካ ያለችው ልጄ ‹እዚህ እንግዳ ጓሮ ውስጥ ወድቆ ቢሰበር የቤቱ ኢንሹራንስ ነው የሚከፍለው› አለችኝ። የእኔስ ይከፍላል?»

ጋሼ፣ የባንኩ ኢንሹራንስ እኔ የማውቀው ዓይነት ከሆነ አይከፍልም።

ባንክ ኢንሹራንስ የሚያስገባው ለመያዣው ነው። ቤቱ ቢቃጠል ብድሩ እንዳይቀልጥ ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው የእሳትና የመብረቅ ሽፋን ነው። ሲጨመርበት ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚከፍለው የእርስዎ ቤት ሲጎዳ ነው። የእርስዎ ጉድጓድ የጎረቤት ልጅ ሲጎዳ፣ የእርስዎ ባሕር ዛፍ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ሲወድቅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ይባላል፣ ሽፋኑም ለብቻው ይጠየቃል።

ልጅዎ ስለ አገሯ የነገረችዎት ትክክል ነው። እዚያ መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ውስጥ የግል ኃላፊነት የሚባል ክፍል አብሮ ይሸጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ100,000 ዶላር ይጀምራል። ከሱ ሌላ ለተጎዳ እንግዳ ማን አጠፋ ሳይባል የሚከፈል አነስተኛ የሕክምና ገንዘብ አለ፤ ከ1,000 እስከ 5,000 ዶላር አካባቢ። እኛ ጋ አብሮ ስለማይመጣ ሰው ያለው ይመስለዋል። የመኪና ሦስተኛ ወገን በአዋጅ የግድ ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ለቤት ግን የሚያስገድድ የለም፣ የሚያስታውስም የለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያድርጉ። ውሉን አይተውት ያውቃሉ? ብዙ ሰው አላየውም። ዋናው ባንኩ ፋይል ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ እጅ ያለው የአረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ደረሰኝ ብቻ ነው። ብድር ክፍል ሄደው ቅጂ ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። እርስዎ መምህር ነዎት፣ አያስቸግርዎትም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስምዎ፣ የቤቱ አድራሻ፣ የተሸፈነው ንብረት፣ የገንዘቡ መጠንና አረቦኑ በሠንጠረዥ ተጽፈዋል። እዚያ ላይ «ፋየር ኤንድ ላይትኒንግ» ብቻ ካለ መልሴ እንዳለ ነው። «ፐብሊክ ላያቢሊቲ» (የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት) ወይም «ሃውስሆልደርስ ኮምፕሪሄንሲቭ» (ሁሉን አቀፍ የቤት ባለቤት ውል) የሚል ካገኙ ደግሞ እሰየው፤ ከበስተኋላ ያሉትን የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር ያንብቡ።

ሽፋን ኖረም አልኖረም፣ ተጠያቂነቱ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 ላይ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ካሳ ይክፈል ይላል። ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። በአንዳንድ ነገር ላይ ደግሞ ሕጉ ጥፋት አለ የለም ብሎ እንኳን አይጠይቅም። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ባደረሰው ጉዳት ይጠየቃል (2071)፤ በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም። የሕንፃ ባለቤትም ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት እንዲሁ (2077)። የአጥር ግንብዎ ተደርምሶ መንገደኛ ቢጎዳ «ጠንካራ ነበር እኮ» ማለት አያድንም።

እኔን ያሳሰበኝ ጉድጓዱ ነው።

የጓሮ ጉድጓድ አፉ ብዙ ጊዜ በምን እንደሚሸፈን ያውቃሉ። ሁለት አጣና ይጋደማል፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው እንዳይበር ድንጋይ። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነው። ክረምት ሲያልፍበት አጣናው ከሥር ይበሰብሳል፣ ቆርቆሮው ጥርሱ ላይ ይዝጋል። ከላይ ሲያዩት ግን ምንም የሆነ አይመስልም። አሁን ይህ ጉድጓድ ማንጎው ሥር ወይም አጠገቡ ነው እንበል። ልጅ ቅርንጫፍ ለመያዝ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ከፍ ያለው ቦታ ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ ነው።

አሁን ጥያቄዎ ውስጥ ወደጻፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ልምጣ፦ «እያየሁ እንዳላየ አልፋለሁ።» ደግነት ነው፣ ልጆቹም ይወዱዎታል። ክርክር ቢመጣ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጆች እንደሚገቡ ያውቁ ነበር ወይ?» የሚል ነው። ያውቁ ነበር። አውቀው ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከተዉት ቸልተኝነቱን ለማስረዳት ብዙ ምስክር አያስፈልግም። «ሳይፈቀድለት ገባ» የሚለው መከላከያ ለአዋቂ ሌባ ትንሽ ይሠራ ይሆናል። ለስምንት ዓመት ልጅ አይሠራም። የተጎጂው ጥፋት ካሳውን ሊቀንሰው ይችላል እንጂ ከናካቴው ነፃ ያወጣኛል ብለው አይተማመኑ።

ስለዚህ ኢንሹራንሱን ከማሰብዎ በፊት ግንበኛ ይጥሩ። የጉድጓዱ አንገት እስከ ወገብ ይገንባ። ክዳኑ የብረት ይሁን፣ ማጠፊያና ቁልፍ ያለው። ውሃ የሚቀዳው ሰው ቀድቶ ይቆልፍ፤ ቁልፉ ምስማር ላይ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ የሚሰቀል ከሆነ ግን አልቆለፉትም። ሲያልቅ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ፎቶው ሁለት ጊዜ ይጠቅምዎታል፤ ውል ሲጠይቁ አንዴ፣ አደጋ ቢደርስ አንዴ።

ሳልረሳው፣ ድሮ ተጠቅመውበት የተዉት የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ ከውሃው ጉድጓድ ይብሳል። የውሃውን ሁሉም ያየዋል። ያኛው ላይ ሣር በቅሎበታል። በአፈርና በድንጋይ ይሙሉት።

ጉድጓድ የሚያጸዳውን የቀን ሠራተኛስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኃላፊነት ሽፋን የሚከፍለው ለውጭ ሰው ነው። እርስዎ ቀጥረው የሚያሠሩት ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛ ወገን አይባልም፤ ከእርስዎ ጋር የሚኖር ቤተሰብም እንደዚያው። ለሠራተኛ የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ የሚባል ሌላ ውል አለ። ለአንድ ቀን ሥራ ውል የሚገዛ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ቢያንስ አንድ ነገር አያድርጉ፦ የሞተር ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርደው ሰው አብሮ እንዲገባ አይፍቀዱ። የሞተሩ ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። አንዱ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የወረደው ሁለተኛውም ይወድቃል። ያለ ሞተርም ቢሆን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየር ሊያጥር ይችላል፤ ማንም ያለ ገመድና ከላይ ያለ ጠባቂ አይውረድ። ጉድጓድ ማጽዳትን ሥራዬ ብሎ ለሚሠራ ሰው ይስጡት።

ባሕር ዛፉ ሁለት ዓይነት ጣጣ አለው። አንደኛው ድንገተኛ ነው። ክረምት ላይ መሬቱ ረጥቦ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል፣ የጎረቤት ጣሪያ ይሰብራል ወይም የመብራት መስመር ይበጥሳል። ይህን የኃላፊነት ሽፋን ይይዘዋል። ግን ዛፉ አጋድሎ፣ ጎረቤት «ኧረ ይቺን ነገር ቁረጣት» ብሎ ነግሮዎት፣ እርስዎ «ለምሰሶ ይደርሳል» ብለው ካቆዩት ክርክሩ ይከብድብዎታል። ያጋደለውን ከክረምት በፊት ይቁረጡት። ሁለተኛው ጣጣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ሥሩ ከአጥሩ ሥር አልፎ የጎረቤትን ግድግዳ ይሰነጥቃል። ኢንሹራንስ የሚወደው ድንገተኛ አደጋን ነው። ዓመት ሙሉ ሲሰነጠቅ የኖረ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ «ቀስ በቀስ የደረሰ ጉዳት» ተብሎ ከሽፋን ይወጣል። ካሳውን የሚከፍሉት ከኪስዎ ነው ማለት ነው።

የጌሾውና የጎመኑ መስኖ እዚሁ ላይ ይመጣል። ማታ ቧንቧ ከፍተው ይተኛሉ። ውሃው በአጥሩ ሥር ሾልኮ የጎረቤትን የጭቃ ቤት መሠረት ያርሳል። የጭቃ ግድግዳ ከሥር ከራሰ ቀኑን ጠብቆ ይጎብጣል። ይህም ቀስ በቀስ ከሚባለው ነው። አንዲት ቦይ ወደ መንገዱ ቢቆፍሩ ከየትኛውም ውል ትበልጣለች።

ንቡን በተመለከተ የጎጃም ሰው ለጎጃም ሰው ስለ ንብ አያስተምርም፣ ግን ከካሳ አንጻር ልንገርዎ። የእኛ ንብ ቁጡ ነው። ሰው ነድፎ ቢያልፍ አንድ ነገር ነው፤ አጥሩ ማዶ የታሰረ በቅሎ ወይም አህያ ሲያገኝ ግን እንስሳው መሸሽ ስለማይችል ሊገድለው ይችላል። የበቅሎ ዋጋ ደግሞ ያውቁታል። የቀፎው መግቢያ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ አይዙር። ከፊቱ ረጅም አጥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ካለ ንቡ ሲወጣ ወደ ላይ ይነሳል፣ በሰው ፊት አያልፍም። ማር የሚቆርጡት ሲመሽ ይሁን፣ ለጎረቤትም አስቀድመው ይናገሩ፦ «ዛሬ ማታ ማር እቆርጣለሁ፣ ከብት አርቁልኝ፣ ልጆች አስገቡ።» ይህች ቃል ነገ ምስክር ትሆንዎታለች።

ማሩን ይሸጣሉ? ማንጎውንስ? ለዘመድ ሁለት ኪሎ መስጠትና ለነጋዴ ማስረከብ አንድ አይደለም። የቤት ውል ለመኖሪያ ተብሎ ነው የሚሰጠው። ጓሮው ገቢ የሚያስገባ ሥራ ከሆነ ለኩባንያው ይንገሩ። ካልነገሩ «ይህ የንግድ ሥራ ነው፣ ውሉ አያካትተውም» ሲሉዎት መልስ አይኖርዎትም።

ውሻው ቀላል ነው፤ ቀን ይታሰር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፣ የክትባት ወረቀቱ ይቀመጥ። ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ሕጋችን የቤት እንስሳ ባለቤት ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት እንዲወጣ የሚፈቅድበት አንቀጽ አለው። ለበሬ ይሠራ ይሆናል። ለነከሰው ሰው የነከሰውን ውሻ ሸልመው ሲሄዱ የሰፈሩን ፊት ማየት ግን አልፈልግም።

መርዝ ከረጩም ቲማቲሙ አበባ ላይ እያለ አይርጩ። የራስዎንም የጎረቤትንም ንብ ይፈጃል፤ የብክለት ጉዳት ደግሞ ከብዙ የኃላፊነት ውሎች ውጭ ነው።

እንግዲህ ሽፋኑን እንዴት ይግዙ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አሁን ባለዎት ውል ላይ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነትን በተጨማሪ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ውሉ ሲታደስ ወደ ሁሉን አቀፍ የቤት ባለቤት ውል መቀየር ነው፤ እሱ የዕቃ ስርቆትንና የነዋሪውን ኃላፊነት አብሮ ይይዛል። ለእርስዎ የመጀመሪያው የሚበቃ ይመስለኛል። ሲጠይቁ አረቦኑን ብቻ አይጠይቁ። ለአንድ አደጋ እስከ ስንት? ለዓመቱ በጠቅላላ እስከ ስንት? ከእያንዳንዱ ካሳ እርስዎ ከኪስዎ የሚከፍሉት ስንት ነው? ርካሽ ውል ብዙ ጊዜ የሚረክሰው በነዚህ ሦስቱ ነው።

ሲገዙ ጓሮውን አይደብቁ። ፎርሙ ላይ «ሌላ ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር አለ?» የሚል ቦታ ሰዎች ሰረዝ ያደርጉበታል። እዚያ ላይ ጉድጓድ፣ ቀፎ፣ ውሻ፣ ባሕር ዛፍ ብለው ይጻፉ። የንግድ ሕጉ መድን ገቢው፣ ማለትም ኢንሹራንስ የገባው ሰው፣ የሚያውቀውን እንዲናገር ያስገድዳል፤ አውቆ የደበቀ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ሲወጣ የ1952ቱን የንግድ ሕግ የመድን ክፍል አልነካውም፣ ስለዚህ «ሕጉ ተቀይሯል» የሚልዎትን አይስሙ። በውሉ ዘመን መሐል አደጋ የሚያባብስ ነገር ሲመጣም ማሳወቅ ግዴታ ነው። እርስዎ አምና ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ለኩባንያው ነግረዋል? ካልነገሩ አሁን ይንገሩ።

የመጨረሻውና በእኛ አገር ሰውን የሚያስቀጣው ነገር ሽምግልና ነው።

ሰው ጓሮዎ ውስጥ ቢጎዳ እርስዎ ዝም ብለው አይቀመጡም። ተሸክመው ሐኪም ቤት ይወስዳሉ። ማታ ሽማግሌ ይልካሉ። በሦስተኛው ቀን «አጥፍቻለሁ፣ ይህን ያህል እክሳለሁ» ብለው የዕርቅ ወረቀት ይፈርማሉ። ጨዋነት ነው። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ኢንሹራንስ ቢሮ ሲሄዱ አንድ አንቀጽ ያሳዩዎታል፦ ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ ኃላፊነት መቀበልም ካሳ መስማማትም ክልክል ነው። ፊርማዎ ካሳውን ከኩባንያው ላይ አንስቶ እርስዎ ላይ ጫነው ማለት ነው።

ይህ ማለት አይታረቁ ማለት አይደለም። ተጎጂውን ያሳክሙ፣ ደረሰኞቹን ሁሉ ይያዙ። «እግዜር ይማርህ» ማለት ኃላፊነት መቀበል አይደለም፣ ደጋግመው ይበሉት። በዚያው ቀን ለኩባንያው ይደውሉ፣ በጽሑፍም ያሳውቁ፤ ውሉ የማስታወቂያ ቀን ገደብ አለው፣ አጭር ነው። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ የኩባንያው ሰው እንዲገኝ ይጠይቁ። ካልመጣም የዕርቁ ወረቀት ላይ ገንዘቡ ቁርጥ የሚሆነው ኩባንያው ሲስማማ ነው የሚል መስመር ያስገቡ። የካሳ ክፍል ሠራተኞች ሽምግልናን አይጠሉም፤ ክርክር ያሳጥርላቸዋል። የሚጠሉት ነገሩ ካለቀ በኋላ መስማትን ነው። ተጎጂው ባይታረቅና ፍርድ ቤት ቢሄድ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በመደበኛው 2 ዓመት ጊዜ አለው (2143)። ስለዚህ «ዝም ብሏል፣ ትቶታል» ብለው ወረቀትዎን አይጣሉ።

ለኩባንያው የሚጽፉትን ደብዳቤ አሳጥሬ እነሆ፣ ስምዎንና የውል ቁጥርዎን ጨምረው ይገልብጡት፦

«ከላይ በተጠቀሰው ውል በተሸፈነው ቤቴ ግቢ ውስጥ ውሉ ከተሰጠ በኋላ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ። ጉድጓዱ የተገነባ አንገትና የሚቆለፍ የብረት ክዳን አለው፤ ፎቶው ተያይዟል። በግቢው ውስጥ በተጨማሪ ሁለት የንብ ቀፎ፣ አንድ የተከተበ ውሻ እና በአጥሩ ጥግ የተተከለ ባሕር ዛፍ ይገኛል። ይህ በውሉ ላይ እንዲመዘገብልኝ፣ እንዲሁም የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን እንዲጨመርልኝና የአረቦኑ ልዩነት እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

«የሚቆለፍ የብረት ክዳን አለው» የሚለውን ክዳኑ ሳይሠራ አይጻፉት። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት፣ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመትተው ይውሰዱ። ለባንኩም አንድ ኮፒ ይስጡ፤ ውሉ ላይ ጥቅም ያለው እሱም ስለሆነ ያለ እሱ ፊርማ ማሻሻያ አንሠራም ሊሉዎት ይችላሉ።